ሁለት ሌሊት በድንኳን፦ ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ገጠር የሴቶች ስብስብ ለምትሄድ መመሪያ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተጠራርተው ወደ ገጠር የሚወጡ፣ እሑድ አመሻሽ ላይ የሚመለሱ ሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ የአንድ ማኅበር አባላት፣ አንዳንዶቹ አብሮ አደጎች፣ ሌሎቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው። የሚያርፉት ሆቴል ውስጥ አይደለም። ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን፣ የጉድጓድ መጸዳጃ፣ በጀሪካን የሚቀዳ ውሃ፣ ሲገኝ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ አዳራሽ ይጠብቃቸዋል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ደጋግሜ የማየው ነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው። ሴቶች ለማረፍ ወጥተው ቀኑን ምግብ ሲያቀርቡና ዕቃ ሲያጥቡ፣ ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጡ ያሳልፉና ሲሄዱ ከነበሩበት ይልቅ ደክመው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የቦታው አይደለም። ምንም ምቾት በሌለበት ሜዳም በደንብ ማረፍ ይቻላል፤ መኝታው ሙቅ፣ ሥራው ደግሞ የሁሉም ከሆነ። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

እሺ ከማለትሽ በፊት ጠይቂ

ለአስተባባሪዋ ደውዪላት። ድንኳኑን የሚያመጣው ማን ነው? በአንዱ ስንት ሰው ይተኛል? ከሥር ፍራሽ አለ ወይስ ባዶ ሸራ ነው? መጸዳጃው ምን ዓይነት ነው፣ በሩስ ከውስጥ ይዘጋል? የመጠጥ ውሃ ከየት ይመጣል? ምግብ የሚያበስለው ማን ነው? ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አለ? ሰው ቢታመም የሚያደርስ መኪና እዚያው ያድራል? የመሬቱ ባለቤትና የቀበሌው አስተዳደር ስለ ስብስቡ ያውቃሉ? «ሁሉም ነገር አለ፣ አታስቢ» የሚለው መልስ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም በቂ አይደለም። እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጠርተሽ ጠይቂ። አስቸጋሪ የሆንሽ እንዳይመስልሽ፤ አስተባባሪዋ ያላሰበችው ክፍተት ብዙውን ጊዜ የሚታያት እንዲህ ስትጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ የቦታውን ከፍታ እወቂ። የምትይዢውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀንሳል። በወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ያለው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ያለበት የወጨጫ ተራራም ጫፉ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት አይዝም፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ማግኘት የተለመደ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚሁ ብርድ ነው። ስብስቡ ዝዋይ ወይም ላንጋኖ ዳር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በስምጥ ሸለቆው ሌሊቱ ይሞቃል፣ ወባም አለ፤ እዚያ ከብርድ ልብስ በፊት የሚታሰበው አጎበር ነው።

በሐምሌና በነሐሴ በድንኳን ማደርን አልመክርም። ለዚያ ወቅት አዳራሽ ወይም የቆርቆሮ ቤት ያለበት ቦታ ፈልጉ።

ቤቱን ለሌላ ሰው ተዪ

ብዙ ሴት ሐሙስ ሌሊቱን የሦስት ቀን ወጥ ስትሠራና ልብስ ስታጥብ አምሽታ ዓርብ ዓይኗ ቀልቶ መኪና ላይ ትወጣለች። ይህን አታድርጊ። ሁለት ቀን ሽሮና እንቁላል የበላ ቤተሰብ ምንም አይሆንም። ከሳምንት በፊት ከባለቤትሽ፣ ከእህትሽ ወይም ከጎረቤትሽ ጋር ተቀመጪና ልጆቹን ማን እንደሚያበላ፣ ማን እንደሚያስተኛ ተነጋገሩ። ቤት ውስጥ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት ካሉ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ። የቦታውን ስም፣ የአስተባባሪዋንና የሾፌሩን ስልክ ቁጥርም እዚያው ጻፊ። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ እየደወልሽ ወጡ መሞቁን አትጠይቂ።

መኝታሽን አዘጋጂ

ብርድ የሚመጣው ከላይ ይመስላል፤ በድንኳን ውስጥ ግን ይበልጥ የሚጎዳው ከታች የሚመጣው ነው። የሰውነትሽ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ መሬት ይሄዳል፣ መሬቱም አይጠግብም። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ ከሥሯ ቀጭን ሸራ ብቻ ያደረገች ሴት እስኪነጋ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ አነጣጠፉ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይሁን።

1. ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት መሬቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። የላስቲኩ ጫፍ ከድንኳኑ ወለል ውጪ እንዳይቀር ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ወደ ውጪ የቀረ ላስቲክ የዝናብ ውሃ ይሰበስብና በሥርሽ ያሳልፈዋል።

2. ድንኳኑ ውስጥ ካርቶን ይነጠፋል። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጠይቂ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራም ይገኛል። ሁለቱን ደርበሽ አንጥፊ። ብርዱን የሚያግደው በካርቶኑ ሽፋኖች መካከል ያለው አየር ስለሆነ የተጨፈለቀ ወይም የረጠበ ካርቶን ጥቅም የለውም።

3. ከካርቶኑ በላይ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ወይም የስፖርት ምንጣፍ። ሁለቱም ከሌለ ሰሌን ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ።

4. ከዚያ በላይ ስሊፒንግ ባግ፤ ከሌለሽ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንዱ ከሥር፣ አንዱ ከላይ።

5. ሁሉንም የሚሸፍነው ጋቢ ነው።

ስሊፒንግ ባግ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። መርካቶ ሳልቫጅ ከሚሸጡት ዘንድ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከመግዛትሽ በፊት ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ዝጊና ክፈቺ፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሥተሽ ተመልከቺው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሙሌቱ እዚያ ጋር ሸሽቷል ማለት ነው፣ በዚያ በኩል ይበርድሻል። አጥበሽ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ካላሰጣሽው አትተኚበት።

ጋቢን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ድርብ ስለሆነ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፣ ስለዚህም ከብዙ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይሻላል። ጥጥ ነውና ከረጠበ ግን ሙቀቱ ይጠፋል፣ በአንድ ቀንም አይደርቅም። ቀን ቀን ለብሰሽው ጤዛ ላይ አትቀመጪ፤ ለሌሊቱ በፌስታል ውስጥ ታስሮ ይቆይ። የማታ ልብስሽም እንዲሁ። ደረቅ ሹራብ፣ ሱሪ፣ ወፍራም ካልሲና የራስ ሻሽ ወይም ኮፍያ በአንድ ፌስታል ለብቻ አስቀምጪ፣ ለመኝታ ብቻ ልበሻቸው። ቀን በእግር የተሄደበት ካልሲ ደረቅ ቢመስልም ላብ ይዟል።

ከመተኛትሽ በፊት የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተሽ ክዳኑን በደንብ አጥብቂ፣ በካልሲ አልብሺና እግርሽ ሥር አድርጊው። እግር ከሞቀ እንቅልፍ ይመጣል። ፊትሽን ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ አትቅበሪ፤ የትንፋሽሽ እርጥበት መኝታውን ያቀዘቅዘዋል። የድንኳኑንም የአየር መውጫ ሙሉ በሙሉ አትዝጊ፤ ከተዘጋ ሌሊቱን በጣሪያው ላይ ጠል ይቋጥርና ጠዋት ላይ ይንጠባጠብብሻል።

አሁን የምለውን ከዚህ መመሪያ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ አትርሺው። የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍሙ ቢቀላም፣ ጭሱ ቢጠፋም፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ቢባልም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድላል። በከተማችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ሲያልቅ ሰምተናል። ጓደኛሽ በርዷት ምድጃ ልታስገባ ብትል ተቆጪ፣ ካልሰማችም ምድጃውን ራስሽ አውጪው።

ስለ ሰውነት ጉዳይ በግልጽ

ብዙዎቻችን ገጠር ስንወጣ ውሃ መጠጣት እናቆማለን። በጨለማ ላለመውጣት ሲባል ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አፍ ይዘጋል፣ ሽንትም ይያዛል። ውጤቱ ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ውሃሽን ቀን ላይ በደንብ ጠጪ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከጓደኛሽ ጋር ወደ መጸዳጃ ሂዱ። ለሌሊቱ ደግሞ ክዳን ያለው ፖፖ በድንኳኑ በር በኩል አስቀምጡ፤ ለልጅ ብቻ የተሠራ ዕቃ አይደለም፣ በተለይ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ትልቅ እፎይታ ነው።

ሰፊ ቀሚስ ያዢ። ግድግዳ በሌለበት ቦታ ግድግዳሽ እሱ ነው፤ ነጠላ ደግሞ ሁለተኛ መጋረጃ ይሆናል። ሶፍት፣ ሳሙናና የእጅ ባትሪ በአንድ ትንሽ ቦርሳ አድርገሽ ትራስሽ አጠገብ አኑሪ። በጨለማ ሻንጣ የምትበረብር ሴት ድንኳኑን ሁሉ ትቀሰቅሳለች። መጸዳጃው አጠገብ አመድ የሞላበት ጣሳ ይኑር፣ የተጠቀመች ሁሉ ትነስንስበት፤ ሽታውንም ዝንቡንም ይቀንሳል። ጭራሽ መጸዳጃ ከሌለ ከወንዝ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀሽ አንድ ስንዝር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ስትጨርሺም አፈሩን መልሺበት። ከመቀመጥሽ በፊት ሳማ አለመኖሩን በባትሪ እዪ።

የእጅ መታጠቢያ ለመሥራት ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ይበቃል። ከታች በኩል ጎኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ አብጂለት፣ ውሃ ሙዪው፣ በገመድ ዛፍ ላይ እሰሪው። ክዳኑ ሲጠብቅ ውሃው ይቆማል፣ ሲላላ ይፈስሳል። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ አድርገሽ አጠገቡ አንጠልጥዪ። ይህቺ ትንሽ ነገር ከተቅማጥ ታድናለች።

የወር አበባ ጊዜሽ ባይሆንም ሞዴስ ያዢ፣ ለሌላዋም የሚተርፍ ይሁን። ያገለገለው ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አይጣልም፤ አይበሰብስም፣ የባለቤቶቹንም ጉድጓድ ያለ ጊዜው ይሞላዋል። በወረቀት ጠቅልለሽ በጥቁር ፌስታል ያዢና ወደ ከተማ መልሺው። አስተባባሪዎች መጸዳጃው አጠገብ ክዳን ያለው ባልዲ ቢያስቀምጡ ማንም አይሸማቀቅም።

የራስሽን መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ፕላስተርና ኦአርኤስ ያዢ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የስልክ ቁጥር 907 ነው። ከዋናው መንገድ የራቀ ቦታ ላይ አምቡላንስ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ግን መኪናው ከነሾፌሩ እዚያው ማደር አለበት። በዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ።

ስንቅ

የዓርብ እራት በአገልግል ይምጣ። በዚያ ምሽት ማንም እሳት ማንደድ የለባትም፤ ሁሉም መንገድ ላይ ውሏል፣ ድንኳን ተክሏል፣ ጨለማም መጥቷል። ዓርብ ጾም ስለሆነ አገልግሉ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና አልጫ ይኑርበት። የማትጾሚ ብትሆኚም የጾም ምግብ ይዘሽ ነዪ፣ ማንም ለብቻዋ እንዳትቀመጥ። በተመሳሳይ ምክንያት የጋራው ድስት በቅዳሜና በእሑድም ሥጋ አይግባበት እላለሁ። ክርስቲያኗና ሙስሊሟ እኩል እጃቸውን የሚዘረጉበት ትሪ ከጥሩ ጥብስ ይበልጣል፤ እንቁላል፣ አትክልት፣ ሽሮና ምስር ለሁለት ቀን ይበቃሉ። ቀኑ ሲወሰንም የዐቢይ ጾምና የረመዳን ወር አስቀድሞ ይታይ።

ሜዳ ላይ ሽንኩርት መክተፍና ቁሌት ማብሰል ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ከሰልና ብዙ እንባ ይፈጃል። ቁሌቱን ቤትሽ በደንብ አብስለሽ፣ በርበሬው ዘይቱን እስኪተፋ አሽተሽ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ያዢው። እዚያ ስትደርሺ ውሃ አፍልቶ ሽሮ መበተን ብቻ ይቀራል፤ ሃያ ሴት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመገባል። እንጀራውን በፌስታል አታፍኚው፣ ያልበዋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው። ለእሑድ ቁርስ ድርቆሽ ይያዝ። አይሻግትም፣ አይከብድም፣ በዚያው ቁሌት ፍርፍር ይሆናል።

ከዚህ ውጪ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ የእግር ጉዞም የሌሊት ረሃብም መልስ ናቸው። ሆዷ ባዶ የሆነ ሴት ይበርዳታል። ከመኝታ በፊት በማር የተበጠበጠ አንድ ብርጭቆ በሶ ጠጪ።

ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ አስቡ። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይፈላ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

መንገድ

ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ከመሐል ከተማ መውጣት ፈተና ነው። በ7 ሰዓት መስቀል አደባባይ ወይም አራት ኪሎ ተገናኝታችሁ ብትነሡ ከጨለማ በፊት ትደርሳላችሁ። ፀሐይ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ድንኳን ደግሞ በብርሃን ነው የሚተከለው። አንድ መኪና ተከራይቶ አብሮ መሄድ ይሻላል። ለብቻሽ የምትከተዪ ከሆነ የወሊሶ መስመር ከአየር ጤና፣ የሆለታና የአምቦ መስመር ከአስኮ ይነሣል። በዚያው ጠዋት በአካባቢው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። «ዛሬ አትምጡ» ከተባላችሁ አትሂዱ፤ የተከፈለው ገንዘብ ይቅር።

መታወቂያ፣ ፓወር ባንክና ዝርዝር ብር ያዢ። ቴሌብር ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም፣ እንቁላል የምትሸጥልሽ እናትም ለ200 ብር መልስ ላይኖራቸው ይችላል።

ስትደርሺ መጀመሪያ ድንኳን፣ ከዚያ ቡና

ቦታ ስትመርጪ ዙሪያውን በእግርሽ ሂጂ። የጎርፍ መሄጃ ላይ አትትከዪ፣ አሁን ደረቅ ቢሆንም። ደረቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ባሕር ዛፍ ሥር አትትከዪ። የጉንዳን መንገድ ካየሽ ከዚያ ራቂ። በትንሹ ያዘቀዘቀ መሬት ጥሩ ነው፤ ራስሽ ከፍ ባለው በኩል ይሁን። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። ካስማውን ቀጥ አድርገሽ ሳይሆን አናቱን ከድንኳኑ ወደ ውጪ አዘንብለሽ ምቺው፤ ገመዱ ሲስበው አይነቀልም። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ቋጥሪ፣ ሌሊት እግር እንዳይጠልፉ።

ለመሰብሰቢያ የሚሆን ትልቅ ድንኳን ከሰፈር እድር መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል። ትልልቅ ድስትና አግዳሚ ወንበርም ከዚያው ይገኛል። የእድር ድንኳን ከባድ ስለሆነ ተካዩንም አብራችሁ ጠይቁ። ለመኝታ ግን አይሆንም፤ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት አይይዝም።

ሥራው የሁሉም ይሁን

አንዲት ሴት ቡና አሳምራ ስለምታፈላ ብቻ ሦስቱንም ቀን ረከቦት ሥር ትቀመጣለች። ታናሿ «ነዪ እስቲ ልጄ» እየተባለች ውሃ ስትቀዳ ትውላለች። ወጥ ላይ ጎበዝ የተባለችው ዋናው ውይይት ሲካሄድ ምድጃ ላይ ናት። ማንም ክፉ አላሰበም። በየቤታችን የለመድነውን ይዘነው ስለወጣን ነው። ካልተነጋገርንበት ይህ በራሱ አይለወጥም።

ስለዚህ ዓርብ ማታ አገልግሉ ከመከፈቱ በፊት ዕጣ ይውጣ። ሃያ ብትሆኑ አምስት አምስት ሆናችሁ በአራት ቡድን ተከፈሉ። ሥራው አራት ነው፦ ውሃና ከሰል፣ ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ ዕቃ ማጠብና መጸዳጃ። ቅዳሜ የደረሰሽ እሑድ አይደገምም። ዝርዝሩ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ። «እኔ እሠራዋለሁ፣ ተዪው» የምትል ደግ ሴት በእያንዳንዱ ስብስብ አለች፤ አመስግናችሁ አስቀምጧት። እሷ ስትሠራ ሌላዋ ትሳቀቃለች፣ እሷም ሳታርፍ ትመለሳለች።

ሌላው ደንብ ውይይት ሲጀመር ድስቱ ከምድጃው እንዲወርድ ነው። ምሳው ይዘግይ። ከውይይቱ ክብ ውስጥ አንዲትም ሴት «ድስቱን ልየው» ብላ አትነሣ።

እማማ ወይም እትዬ እያልን የምናከብራቸው ታላላቆች በዕጣው ውስጥ አይገቡም። ይሁን እንጂ ሥራ አይከልከሉ፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚያስጨንቃቸው አሉ። «እትዬ፣ ምስሩን ይለቅሙልናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ለቀማው ላይ የሚወራው ወሬ ከስብሰባው የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ቡና በቀን አንዴ በሥርዓት ይፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ፤ አፍይዋም በዕጣ ትሁን። በቀን ሦስት ጊዜ ከተፈላ ቀኑ በሙሉ በሲኒ ማጠብ ያልቃል። ጠዋት ላይ ሻይ በቴርሞስ ይበቃል።

በክቡ ውስጥ የሚነገር የልብ ጉዳይ እዚያው ይቀራል። ይህ በመጀመሪያው ምሽት በግልጽ ይነገር፣ እያንዳንዷም እሺ ትበል። የጓደኛሽን ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት ጠይቂ፣ ከማሰራጨትሽ በፊት ደግሞ እንደገና ጠይቂ። ባሏ፣ ቤተሰቧ ወይም አለቃዋ የት እንዳለች እንዲያውቁ የማትፈልግ ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ምክንያቷን የመንገር ግዴታም የለባትም። የጸሎትና የሶላት ሰዓት በመርሐ ግብሩ ውስጥ ይግባ፣ ለሶላት ንጹሕ ምንጣፍና ጸጥ ያለ ጥግ ይዘጋጅ።

ሌሊቱን

ጅብ ይጮኻል። በመሐል ከተማ ላደገች ሴት ድምፁ በጣም የቀረበ ይመስላል። ጅቡ የሚመጣው ለምግብ ሽታ ስለሆነ ፍርፋሪ፣ አጥንት፣ የታጠበ ዕቃ እጣቢ በድንኳኖቹ አጠገብ አይደፋ፤ የምግብ ዕቃው ሁሉ መኪና ወይም የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይደር። ከድንኳን የምትወጣ ሴት ብቻዋን አትውጣ፣ ባትሪዋን አብርታ ትውጣ። አንድ ፋኖስ ወይም የፀሐይ ኃይል መብራት ወደ መጸዳጃው በሚወስደው መንገድ ላይ እስኪነጋ ይብራ። ጠባቂው ቀድሞ ይተዋወቃችሁ፣ ድምፁንም እወቁት።

ከአካባቢው ሰው ጋር

የሄዳችሁበት ሜዳ የሰው ግጦሽ ነው፣ ምንጩም የሰው ውሃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወደ ቅርቡ ቤት ሂዱና ሰላም በሉ። ኦሮምኛ የሚነገርበት አካባቢ ከሆነ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመርና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ብዙ በር ይከፍታል። ምንጩ ላይ ሴቶች እየቀዱ ከሆነ ተራችሁን ጠብቁ፤ የእነሱ ጀሪካን ሳይሞላ የእናንተ በርሜል አይሞላም። እንቁላል፣ ወተት፣ ድንችና ከሰል ከእነሱ ግዙ፣ በገበያው ዋጋ፣ ሳትከራከሩ። ለልጆቹ ከረሜላና ብር አትበትኑ። መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ በአስተዳደሩ በኩል ስጡ።

ደን ውስጥ ከሆናችሁ ዛፍ አይቆረጥም፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጪም እሳት አይነድም። በመናገሻ ሱባ ያሉት የጽድ ዛፎች ታሪክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከተደረገው የደን ተከላ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። እዚያ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ማየት ስለሚቻል ጠዋት በጸጥታ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ ሙዚቃውን ለመኪናው ተዉት።

እሑድ

ከምሳ በፊት ድንኳን ማፍረስ ይጀመር። የረጠበ ድንኳን ተጠቅልሎ ከከረመ ይሻግታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሁላችሁም ጎን ለጎን ተሰልፋችሁ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሂዱ፣ የሃይላንድ ክዳንና የሶፍት ቁራጭ ሳይቀር ልቀሙ። ቆሻሻው ወደ ከተማ ይመለሳል፣ በሰው እርሻ አይቀበርም። ካርቶኑን ከአካባቢው ሰው የሚፈልገው ካለ ስጡት። መጸዳጃው ታጥቦ፣ አዲስ አመድ ተነስንሶበት ለባለቤቶቹ ይመለስ። የተረፈው ሂሳብ በሁሉም ፊት ይቆጠር፣ ከእድሩ የተወሰደው ድስትና ወንበርም በዝርዝሩ ልክ መኪና ላይ መውጣቱ ይረጋገጥ።

በ8 ሰዓት ተነሡ። ማታ ቤት ስትገቢ ስሊፒንግ ባጉን ከከረጢቱ አውጥተሽ በረንዳ ላይ ስቀዪው፤ ሰኞ ሙሉ ቀን ይናፈስ። የእድሩ ድንኳን ደግሞ በደንብ ካልደረቀ አይመለስም፤ ነገ ለቅሶ ቤት ሊፈለግ ይችላል።